ከጠመንጃ ወደ መነጽር፤ የሰር ሳሙኤል ቤከር ሕይወትና የመርቺሰን ፏፏቴ

ዛሬ ወደ ዑጋንዳ የሚሄድ አገር ጎብኚ ከሚመከራቸው ነገሮች አንዱ በቪክቶሪያ ናይል ላይ በጀልባ መጓዝ ነው። ጀልባው ፓራ ከሚባለው ስፍራ ተነሥቶ ወንዙን ሽቅብ እየተከተለ እስከ መርቺሰን ፏፏቴ ግርጌ አካባቢ ይደርሳል። ተጓዡ በዚህ መንገድ ጉማሬዎች በመንጋ ሆነው ውሃው ውስጥ ሲያጉረመርሙ፣ አዞዎች አፋቸውን ከፍተው አሸዋ ላይ ሲሞቁ፣ ዝሆኖችና ጎሾች ውሃ ሊጠጡ ሲወርዱ ያያል። ወደ እንስሳቱ በተጠጉ ጊዜ ነጂው ሞተሩን ያበርዳል፤ ተሳፋሪውም ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። በእጁ የያዘው መሣሪያ መነጽርና የፎቶግራፍ ካሜራ ብቻ ነው።

ይህን የውሃ መንገድ ለአውሮፓ ያስታወቀው ሰው ግን በእጁ የያዘው ጠመንጃ ነበር። ስሙ ሳሙኤል ዋይት ቤከር ይባላል። የዚህን ሰው ታሪክ ዛሬ ለአንባቢዎቻችን በአጭሩ ለማቅረብ ያሰብነው ስለ ሁለት ምክንያት ነው። አንደኛው፣ የአገራችን ወንዞች ለግብፅ ምን እንደሚያደርጉ በዓይኑ አይቶ የመሰከረ ሰው በመሆኑ ነው። ሁለተኛው፣ አንድ ሰው የሚያየውን ነገር እየወደደ እንዴት ሊያጠፋው እንደሚችል ከሕይወቱ መማር ስለሚቻል ነው። (ዓመታቱና ወራቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ቤከር በጁን 8 ቀን 1821 ዓ.ም. በሎንዶን ከተማ ከሀብታም ነጋዴ ቤተ ሰብ ተወለደ። በጽሕፈት ቤት ተቀምጦ የአባቱን ንግድ መጠበቅ ከቶ አልሆነለትም። በ1843 ዓ.ም. ሚስት አግብቶ መጀመሪያ ወደ ሞሪሽየስ ደሴት፣ ቀጥሎም ዛሬ ስሪ ላንካ ወደምትባለው ወደ ሴሎን ሄደ። በዚያም በተራራማው በኑዋራ ኤሊያ እርሻ አቋቋመ። የሚበልጠውን ጊዜውን ያሳለፈው ግን ዝሆን በማደን ነበር፤ ስለ አደኑም መጽሐፍ ጽፎ ስሙ ታወቀ። በ1855 ዓ.ም. ሚስቱ ስለሞተችበት ሴቶች ልጆቹን ለእኅቱ አደራ ሰጥቶ እንደገና ለጉዞ ተነሣ።

በ1859 ዓ.ም. ያን ጊዜ በቱርኮች ግዛት፣ ዛሬ በቡልጋሪያ በምትገኘው በቪዲን ከተማ ሳለ ሕይወቱን የሚለውጥ ነገር ገጠመው። በባሪያ ገበያ ለሽያጭ ከቀረቡት መካከል ከሃንጋሪ ወገን የሆነች ፍሎረንስ የምትባል አንዲት ወጣት ነበረች። ቤከር ይህችን ወጣት ከዚያ አውጥቶ ይዟት ሄደ። ከዚያን ቀን ጀምሮ እስከ ሞቱ ድረስ አልተለያዩም። ስለ ቤከር የሚጻፈው ታሪክ ሁሉ የእርሷም ታሪክ መሆኑን አንባቢዎቻችን እንዲያስቡልን እንፈልጋለን።

በ1861 ዓ.ም. ሁለቱ ከካይሮ ተነሥተው የናይልን ምንጭ ፍለጋ ወጡ። ቤከር ወደ ደቡብ ከመዝለቁ በፊት ዓረብኛ ለመማርና ከኢትዮጵያ የሚወርዱትን ወንዞች ለመመርመር ቈረጠ። አትባራ ወንዝ በደረሰ ጊዜ ያገኘው ወንዝ ሳይሆን ደረቅ አሸዋ ነበር። አልፎ አልፎ በቀሩት ጥልቅ ኩሬዎች ውስጥ ጉማሬው፣ አዞውና ዓሣው ሁሉ ተጨናንቆ ዝናሙን ይጠብቅ ነበር። በጁን 23 ቀን ሌሊት እንደ ሩቅ ነጎድጓድ ያለ ድምፅ ተሰማና የሠፈሩ ሰዎች ደንግጠው ተነሡ። ሲነጋ ያ ደረቅ አሸዋ ወርዱ 450 ሜትር ያህል፣ ጥልቀቱ ከ5 ሜትር ያላነሰ ወንዝ ሆኖ ተገኘ። እዚያ ስፍራ አንዲት ጠብታ ዝናም አልዘነበም፤ ውሃው የመጣው ከኢትዮጵያ ተራሮች ነበር።

ቤከር ከዚህ በኋላ ሰቲትን፣ ማለትም ታችኛውን ተከዜ፣ እንዲሁም አንገረብን፣ ረሃድንና ዲንደርን እየተከተለ አንድ ዓመት ያህል ተዘዋወረ። በመጨረሻ የደረሰበት ሐሳብ ይህ ነው፤ ናይል ዓመቱን ሙሉ እንዳይደርቅ የሚያደርጉት የምድር ወገብ ሐይቆች ሲሆኑ፣ ግብፅን የሚያጥለቀልቀው ጎርፍና ለም አፈሩ የሚሄደው ግን ከኢትዮጵያ ነው። ይህን ሐሳብ በ1867 ዓ.ም. ባሳተመው መጽሐፍ ገልጾታል።

በፌብሩዋሪ 1863 ዓ.ም. በጎንዶኮሮ ሳሉ ከደቡብ የሚመለሱት አሳሾች፣ ስፔክና ግራንት፣ አገኙዋቸው። ከቪክቶሪያ ሐይቅ ሌላ የአገሬው ሰዎች ሉታ ንዚጌ፣ ማለትም አንበጣ ገዳይ፣ የሚሉት ያልታየ ሐይቅ መኖሩን ነገሩዋቸው። ቤከርና ፍሎረንስ ወደዚያ አቀኑ። መንገዱ ከባድ ነበር፤ የጋማ ከብቶቻቸው አለቁ፤ ንዳድ ያዛቸው። በቡኞሮ መንግሥት ደግሞ ንጉሥ ካምራሲ ነኝ ብሎ የተቀበላቸው ሰው ቤከር ሚስቱን ትቶለት እንዲሄድ ጠየቀ። ቤከር ሽጉጡን መዝዞ እምቢታውን አሳየ። ያ ሰው ንጉሡ ሳይሆን የንጉሡ ወንድም መሆኑ የታወቀው ዘግይቶ ነው። ከዚህ በኋላ ፍሎረንስ የካፉን ወንዝ ስትሻገር ፀሐይ መትቷት ወደቀች፤ ለብዙ ቀንም ራሷን ሳታውቅ በቃሬዛ ተወሰደች። ባልዋ መቃብርዋን ለማስቈፈር እስኪያስብ ድረስ ተስፋ ቈርጦ ሳለ ነፍስ ዘራች። በማርች 14 ቀን 1864 ዓ.ም. ሁለቱ አንድ ላይ ሆነው ሐይቁን ከኮረብታ ላይ አዩት። ቤከርም በሟቹ በእንግሊዝ ንግሥት ባል ስም አልበርት ብሎ ሰየመው።

ለጽሑፋችን መነሻ የሆነው የውሃ ጉዞ የተጀመረው እዚህ ላይ ነው። ከግንድ በተቦረቦሩ ታንኳዎች ተሳፍረው የሐይቁን ዳር ይዘው ወደ ሰሜን 13 ቀን ተጓዙ። ቀዛፊዎቹ ጥለዋቸው በጠፉ ጊዜ ቤከር የሱፍ ኩታውን ሸራ አድርጎ ሰቀለው። ከሰዓት በኋላ የሚነሣው ማዕበልም ታንኳቸውን ሊያሰጥም ምንም አልቀረውም። ማጉንጎ ከደረሱ በኋላ ከምሥራቅ የሚገባውን ወንዝ ሽቅብ ያዙ። አዞው እጅግ የበዛ ነበር፤ ቤከር በአንድ የአሸዋ ዳርቻ ላይ ብቻ 27 ትልልቅ አዞዎች ጐን ለጐን ተጋድመው ቈጥሯል። ትንሽ እንደ ሄዱ ወንዙ ታጠፈና ፏፏቴው ከፊታቸው ታየ። ያ ታላቅ ወንዝ ወርዱ 7 ሜትር ያህል በሆነ የድንጋይ ስንጥቅ ውስጥ ተጨምቆ ገብቶ 43 ሜትር ያህል ቊልቊል ይወረወራል። ቤከር የእንግሊዝ የጂኦግራፊ ማኅበር ፕሬዚዳንት በነበሩት በመርቺሰን ስም ጠራው።

አሁን የሆነውን አንባቢዎቻችን ልብ እንዲሉት ያስፈልጋል። ቤከር እንዲህ ያለውን ስፍራ እያየ እጁን መሰብሰብ አልቻለም፤ አንድ አዞ አነጣጥሮ ተኰሰ፤ ደግሞም ደገመ። የጠመንጃ ድምፅ ያለመዱት ቀዛፊዎች በታንኳው ወለል ላይ ተደፉ፤ የአንደኛውም መቅዘፊያ ውሃ ውስጥ ገባ። ታንኳው ያለ ቀዛፊ ቀርቶ በሞገዱ እየተሽከረከረ ሄዶ ሸምበቆው ውስጥ ተወሸቀ። እዚያ ተኝቶ የነበረ ወንድ ጉማሬ ተቈጥቶ ብድግ አለና ታንኳውን ከሥሩ መትቶ ግማሹን ከውሃው በላይ አነሣው። ዙሪያውን በአዞ የተከበበው ታንኳ ተገልብጦ ቢሆን ኖሮ የሁለቱም ታሪክ እዚያው ላይ ባበቃ ነበር። ይህን ሁሉ ያመጣው ማንም ያላስገደደው አንድ ጥይት ነው።

በሜይ 1865 ዓ.ም. ካርቱም ሲደርሱ ብዙ ሰው እንደሞቱ ቈጥሯቸው ነበር። ቤከር በሎንዶን ፍሎረንስን በሕግ አገባ፤ በ1866 ዓ.ም. የሰርነት ማዕረግ ተሰጠው። ያልሳተ ሰው ግን አልነበረም፤ ሐይቁ ወደ ደቡብ እጅግ ሩቅ የሚዘልቅ መስሎት ነበርና በ1876 ዓ.ም. ጣሊያናዊው ጄሲ ዙሪያውን በጀልባ ዞሮ ከተገመተው ያነሰ መሆኑን አሳየ።

በ1869 ዓ.ም. የግብፁ ከዲቭ እስማኤል የላይኛውን ናይል አገር በግዛታቸው ሥር እንዲያደርግና የባሪያ ንግድን እንዲያጠፋ ቤከርን ሾሙት። ሚስቱን ከባሪያ ገበያ ያገኘ ሰው ይህን ንግድ መጥላቱ አያስደንቅም። ነገር ግን ነፃ ለማውጣት የመጣው ሰው ለመያዝም መጥቶ ነበር። በ1872 ዓ.ም. ማሲንዲ ላይ ባንዲራ ተክሎ ቡኞሮ የግብፅ ግዛት ናት ሲል አወጀ። የካምራሲ ልጅ፣ ወጣቱ ንጉሥ ካባሌጋ፣ ይህን አልተቀበሉም፤ ውጊያ ተነሣና ቤከር ማሲንዲን አቃጥሎ ለመሸሽ ተገደደ። ካባሌጋ ከዚያም በኋላ እንግሊዞችን ለብዙ ዓመታት ተዋግተው በ1899 ዓ.ም. ተማረኩ፤ ወደ ሲሸልስ ደሴቶች ተግዘው ቈዩና በ1923 ዓ.ም. ወደ አገራቸው ሲመለሱ መንገድ ላይ ዐረፉ። በኢዲ አሚን ዘመን ፏፏቴው በስማቸው ካባሌጋ ተብሎ ነበር፤ ኋላ ግን የቀድሞው ስም ተመለሰ። ቤከር በዲሴምበር 30 ቀን 1893 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር በቤቱ ሞተ፤ ፍሎረንስም በ1916 ዓ.ም. ተከተለችው።

ወንዙስ ምን ሆነ? በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በእንቅልፍ በሽታ ምክንያት በዙሪያው የነበረው ሕዝብ ከመሬቱ እንዲነሣ ተደረገ፤ ስፍራው ለአራዊት ቀረ። በ1952 ዓ.ም. ብሔራዊ ፓርክ ሆነ። በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ፣ መንግሥትና ሕግ በላላበት ጊዜ፣ ወታደርና ሽፍታ በጠመንጃ ገብቶ ዝሆኑን ፈጀው፤ አውራሪሱም ጨርሶ ጠፋ። ሰላም ሲመለስ ጥበቃው ተጠናከረ፤ ዝሆኑም ቀስ በቀስ በዛ። ዛሬ ጀልባው ጎብኚ ይዞ የሚመላለሰው በዚህ ምክንያት ነው። ገንዘብ ከፍሎ የሚመጣው እንግዳ የሚፈልገው በሕይወት ያለ ዝሆን ነው።

እኛ ቤከርን የዘመኑ ሰው ነበር ብለን ልናልፈው እንችላለን፤ ድፍረቱና ለሚስቱ የነበረው ታማኝነት የሚካድ አይደለም። ነገር ግን በትምህርት ቤትና በመሥሪያ ቤት ያለነው ወጣቶች ነገ ስለ ወንዝ፣ ስለ ደንና ስለ አራዊት ወረቀት ላይ የምንፈርም ሰዎች ነን። ያን ጊዜ የታንኳዋን ነገር ብናስታውስ መልካም ነው። ቤከር ሳይተኩስ የቈጠራቸው 27 አዞዎች ለትምህርትና ለታሪክ ተረፉ፤ የተኰሰበት አንዱ አዞ ግን እርሱንና ሚስቱን ለሞት ሊዳርግ ነበር። ዛሬም የጀልባው ነጂ እዚያው ወንዝ ላይ ሲደርስ ሞተሩን የሚያበርደው፣ ዝም ብሎ ለሚያይ ሰው ወንዙ የበለጠ እንደሚሰጥ ስለሚያውቅ ነው።