ዓባስ ኢብን ፊርናስ፦ መብረሩን ሁላችንም ሰምተናል፣ ስለ ማረፉስ?



በሐረሪ ክልል፣ ከጀጎል ግንብ ውጪ ካሉት የገጠር ወረዳዎች አንዷ ድሬ ጠያራ ትባላለች። ስሟ ከሁለት ቋንቋ የተገጠመ ነው። ድሬ በአፋን ኦሮሞ ሜዳ ማለት ነው፤ ጠያራ ደግሞ ከዐረብኛ የመጣ ቃል ሲሆን አውሮፕላን ማለት ነው። አንድ ላይ ሲነበብ የአውሮፕላን ሜዳ ይሆናል። ዐረብኛው ጠያራ በራሱ ከመብረርና ከወፍ ጋር አንድ ሥር ይጋራል። እንግዲህ ይህ ስም ሁለት ነገር በአንድ ላይ ያስታውሰናል፤ የሚበር ነገር እንዳለና የሚበር ነገር ሁሉ ማረፊያ እንደሚያስፈልገው።

ዛሬ ታሪኩን የምንተርክላችሁ ሰው የመጀመሪያውን አስቦበት ሁለተኛውን የዘነጋ ሰው ነው። ስሙን ብዙዎቻችን እናውቀዋለን፤ ዓባስ ኢብን ፊርናስ ይባላል። በመድረሳ፣ በዳዕዋ መድረክ፣ በማኅበራዊ ሚዲያም ቀድሞ የበረረ ሙስሊም እየተባለ ይነሳል። መምህር በነበርንበት ጊዜ ግን አንድ ነገር አስተውለናል። ስሙ ሲጠራ ፊታቸው በደስታ የሚበራ ተማሪዎች፣ የፊዚክስ ክፍለ ጊዜ ሲደርስ ስለ ኃይልና እንቅስቃሴ የሚነገረው ሁሉ የእነርሱ ጉዳይ አይመስላቸውም ነበር። የሰውየው ሕይወት ግን ከዚያ ትምህርት ተነጥሎ ሊነገር አይችልም።

የአንደሉሱ ሊቅ

አቡል ቃሲም ዓባስ ኢብን ፊርናስ የተወለደው በ810 እ.ኤ.አ. ገደማ፣ ዛሬ በደቡብ ስፔን ሮንዳ በምትባለው ከተማ አካባቢ ነው። የዘር ሐረጉ ከሰሜን አፍሪካ በርበሮች ይመዘዛል። ኑሮውንና ሥራውን ያደራጀው ግን የአንደሉስ ኡመያዎች መናገሻ በነበረችው በቁርጡባ፣ በዛሬዋ ኮርዶባ ነው። በዚያ ዘመን ቁርጡባ ከምሥራቅ የሚመጣውን ዕውቀት በጉጉት የምትቀበል ከተማ ነበረች። ከባግዳድ ዜማ አዋቂው ዚርያብ የመጣው በዚሁ ዘመን ነው፤ የሥነ ፈለክና የሒሳብ መጻሕፍትም እንዲሁ ይገቡ ነበር።

ዓባስ በአንድ ሙያ ብቻ የሚገለጽ ሰው አልነበረም። ገጣሚ ነበር፤ የከዋክብትን አካሄድ ያጠና ነበር፤ በእጁም የሚሠራ ብልሃተኛ ነበር። የዐረብኛ ግጥም ምጣኔ በኸሊል ኢብን አሕመድ የተቀመረበት መጽሐፍ አንደሉስ በደረሰ ጊዜ ምስጢሩን ፈትቶ ያስረዳው እርሱ እንደነበር ታሪክ ጸሐፊዎች ያወሳሉ። በዳግማዊ ዐብዱረሕማንና በልጃቸው በቀዳማዊ ሙሐመድ ዘመን በቤተ መንግሥቱ ታዋቂ ነበር።

የእጁ ሥራዎችም ብዙ ናቸው። ከድንጋይ ብርጭቆ የሚሠራበትን ዘዴ በአንደሉስ አስተዋውቋል። የሰማይ አካላትን አቀማመጥ በቀለበቶች የሚያሳይ መሣሪያና ጊዜ የሚለካ የውሃ ሰዓት ሠርቷል። ሶላት በወቅት የተገደበ ዒባዳ በመሆኑ ጊዜን በትክክል ማወቅ ለሙስሊሙ ማኅበረሰብ ምን ያህል ዋጋ እንዳለው ለአንባቢ መንገር አያሻም። በቤቱም ውስጥ ሰማይን የሚያስመስል ክፍል አዘጋጅቶ ከዋክብቱን፣ ደመናውን፣ መብረቁንና ነጎድጓዱን ለጎብኚ ያሳይ እንደነበር ተጽፏል።

ያ ቀን

ዓባስ ይበልጥ የሚታወቅበት ሙከራ የተደረገው በ875 እ.ኤ.አ. ገደማ እንደሆነ በብዛት ይጻፋል። ያኔ ዕድሜው ወደ ስልሳ አምስት ይጠጋ ነበር ማለት ነው። ሰውነቱን በላባ ሸፈነ፤ ሁለት ክንፍ ሠርቶ አጠለቀ፤ ከከፍታ ላይም ራሱን ለአየር ሰጠ። ሕዝብ እያየው ጥቂት የማይባል ርቀት በአየር ላይ ሄደ። ሲያርፍ ግን ከመሬት ጋር ክፉኛ ተጋጨ፤ ጀርባውም ተጎዳ። ወፍ ስታርፍ በጅራቷ እንደምትታገዝ አላስተዋለም፤ ለራሱም ጅራት አልሠራም ነበር።

ይህን ታሪክ በዝርዝር ያቆየልን በ1632 እ.ኤ.አ. ያረፈው የታሪክ ጸሐፊ አል መቀሪ ነው። በመካከላቸው ከሰባት መቶ ዓመት በላይ አለ። ሆኖም በዓባስ ዘመን የነበረና ከእርሱ ጋር በግጥም ይጎሻሸም የነበረ ሙእሚን ኢብን ሰዒድ የተባለ የቤተ መንግሥት ገጣሚ በረራውን በስንኙ አንስቶታል። የተቀናቃኝ ምስክርነት ቀላል ግምት የሚሰጠው አይደለም። በዚህ ላይ አል መቀሪ ውድቀቱን ሳይደብቅ መጻፉ ሊመሰገንበት ይገባል። እኛ ዛሬ ስናወራው ብዙ ጊዜ የምንቆርጠው ያንኑ ክፍል ነው።

በአየር ላይ ሳለ ምን ያዘው?

የዓባስን በረራ በዛሬው የትምህርት ቤት ፊዚክስ እንመልከተው። በአየር ላይ ሳለ ሦስት ኃይሎች ይሠሩበት ነበር። አንደኛው የመሬት ስበት ነው፤ ሳያቋርጥ ወደ ታች ይጎትተዋል። ሁለተኛው ክንፉ የሚያገኘው ሽቅብ የሚያነሳ ኃይል ነው። ክንፍ አየሩን ወደ ታች ሲገፋ አየሩም ክንፉን ወደ ላይ ይገፋዋል፤ ለእያንዳንዱ ግፊት እኩልና ተቃራኒ መልስ አለው የሚባለው ሕግ ይህ ነው። ሦስተኛው የአየር ተቃውሞ ነው፤ ወደፊት የሚሄደውን ወደ ኋላ ይይዘዋል።

ሞተር አልነበረውም። ወደፊት የወሰደው ምን ነበር? ከፍታው ነው። ተንሸራቶ የሚበር ነገር ጥቂት በጥቂቱ ከፍታውን እየከፈለ ፍጥነቱን ይጠብቃል፤ በዳገት ላይ ያለ ጋሪ ቁልቁል ሲለቀቅ እንደሚሄደው ማለት ነው። ሦስቱ ኃይሎች ሲመጣጠኑ ደግሞ ፍጥነቱም አቅጣጫውም ሳይለወጥ ይቀጥላል። ብዙ ተማሪ የሚሰናከለው እዚህ ላይ ነው። የሚንቀሳቀስ ነገር ሁሉ ዘወትር የሚገፋው ያለ ይመስለዋል። እውነቱ ግን ኃይል የሚያስፈልገው እንቅስቃሴን ለመለወጥ ነው፤ ለማፍጠን፣ ለማዝገም ወይም አቅጣጫ ለማስቀየር። ባጃጅ በድንገት ፍሬን ሲይዝ ተሳፋሪው ወደፊት የሚወረወረው ማንም ገፍቶት አይደለም። እርሱ በነበረበት ፍጥነት ቀጥሏል፤ የቆመው ባጃጁ ነው።

ዓባስም መሬት ሲደርስ በዚያው ፍጥነት እየተጓዘ ነበር። ያን ፍጥነት ወደ ዜሮ ማውረድ ነበረበት። የማረፍ ጥያቄ ይህ ነው።

ጅራቱ ለምን አስፈለገ?

ሐረር ጊድር መጋላ የሥጋ ገበያ የሄደ ሰው ጭልፊቶቹን ያውቃቸዋል። ቁልቁል ተወርውረው ሥጋ ይመነትፋሉ፤ ከዚያም ጣሪያ ወይም ግንብ ላይ ሄደው ያርፋሉ። ሲያርፉ አስተውሉ። ጅራታቸውን እንደ ማራገቢያ ይዘረጋሉ፤ ደረታቸውን ወደ ላይ ቀና ያደርጋሉ፤ ክንፋቸው ከፊት ለሚመጣው አየር ይሰፋል። በዚህ ጊዜ የአየር ተቃውሞው በአንድ ጊዜ ይጨምራል፤ ሽቅብ የሚያነሳውም ኃይል ለአፍታ ይበረታል። ፍጥነታቸው በአየር ላይ እያለ ይሟጠጣል፤ እግራቸው ግንቡን የሚነካው ፍጥነቱ ካለቀ በኋላ ነው። ጅራት የፊትና የኋላ ሚዛናቸውን እየጠበቀ ይህን ሁሉ እንዲቆጣጠሩ ይረዳቸዋል። ጅራት የሌለው በራሪ ግን ሚዛኑን ጠብቆ ቀና ለማለትና ፍጥነቱን በአየር ላይ ለመጨረስ ይቸገራል።

ጉዳዩን በቁጥር እናስላው። ቁጥሮቹ ከታሪክ የተወሰዱ አይደሉም፤ ለምሳሌ ያህል የመረጥናቸው ናቸው። 70 ኪሎ ግራም የሚመዝን ሰው በሰከንድ 10 ሜትር እየተጓዘ ነው እንበል፤ ይህ በሰዓት 36 ኪሎ ሜትር ነው። ለማቆም የሚያስፈልገው አማካይ ኃይል የሚገኘው መጠነ ቁሱን በፍጥነቱ ስኩዌር አባዝቶ፣ ለማቆሚያው ርቀት እጥፍ በማካፈል ነው። በ10 ሜትር ርቀት ውስጥ ቀስ ብሎ ቢቆም ኃይሉ 350 ኒውተን ይሆናል፤ ይህ ከራሱ ክብደት ግማሽ ገደማ ነው። በግማሽ ሜትር ውስጥ ቢቆም ግን ኃይሉ 7000 ኒውተን ይሆናል፤ የክብደቱ አሥር እጥፍ ማለት ነው። ሰውየውም ፍጥነቱም ያው ናቸው፤ የተለወጠው ርቀቱ ብቻ ነው። ጀርባ የሚጎዳው በዚህ ነው። ዛሬ አውሮፕላን ረጅም ሜዳ የሚፈልግበት አንዱ ምክንያትም ይኸው ነው፤ ብዙ ቶን ክብደት ያለውን ነገር በአጭር ርቀት ለማቆም መሞከር እርሱንም ተሳፋሪውንም መስበር ነው።

ከእርሱ በኋላ

ዓባስ ከዚያ ቀን በኋላ አሥር ዓመት ያህል ኖሮ በ887 እ.ኤ.አ.፣ በሒጅራ አቆጣጠር በ274 አረፈ። ጥያቄው ግን አልሞተም። ከእርሱ ሞት በኋላ አንድ ምዕተ ዓመት ገደማ ቆይቶ የተወለደው ኢብን ሲና፣ የተወረወረ ነገር ከእጅ ከወጣ በኋላ ምን ያስኬደዋል የሚለውን መረመረ። የቀድሞ ግሪኮች አየሩ ከኋላ ይገፋዋል ይሉ ነበር። ኢብን ሲና ይህን ሳይቀበል፣ ወርዋሪው በተወርዋሪው ውስጥ መይል የሚባል ዝንባሌ እንደሚያሳድርና ይህም በውጭ ተቃውሞ እንደሚያልቅ አስተማረ። የባግዳዱ አቡል በረካትም በ12ኛው ምዕተ ዓመት ነገሩን አስፋፍቶ ወዳቂ ነገር ለምን እየፈጠነ እንደሚሄድ ጽፏል። ኒውተን ሦስቱን የእንቅስቃሴ ሕጎች ያሳተመው በ1687 እ.ኤ.አ. ነው።

በአየር ላይ የሞከሩትም ቀጥለዋል። በ11ኛው ምዕተ ዓመት ኤይልመር የተባለ የእንግሊዝ መነኩሴ በክንፍ ከግንብ ዘሎ ሁለት መቶ ሜትር ያህል ከሄደ በኋላ እግሮቹ ተሰበሩ። ምክንያቱን ሲናገር እርሱም ጅራት አለመሥራቱን ጠቅሷል። ከቁርጡባው ውድቀት በኋላ በሌላ አገር ሌላ ሰው ለተመሳሳይ ትምህርት አጥንቱን ከፈለ። ጀርመናዊው ኦቶ ሊሊየንታል ጅራት ባላቸው ክንፎች ብዙ ጊዜ ተንሸራቶ፣ ውጤቱን እየለካና እየጻፈ ቆይቶ በ1896 እ.ኤ.አ. በደረሰበት አደጋ ሞተ። የራይት ወንድማማቾች ጽሑፎቹን አጥንተው፣ ቁጥሮቹን በራሳቸው ሙከራ አርመው፣ በ1903 እ.ኤ.አ. በሞተር ለ12 ሰከንድ በረሩ። የሊሊየንታል ውድቀት ተጽፎ፣ ተለክቶና ተነቦ ስለነበር ቀጣዮቹ ካቆመበት መጀመር ቻሉ።

የእኛ ድርሻ

ዛሬ በኮርዶባ ድልድይ፣ በባግዳድ አውሮፕላን ማረፊያ አካባቢ ሐውልት፣ በጨረቃ ጀርባም በስሙ የተሰየመ ጉድጓድ አለ። ክብሩ አልጎደለበትም። የጎደለው በእኛ በኩል ነው። ሙስሊም ቀድሞ በረረ ብለን ለልጆቻችን ስንነግር እዚያው ላይ ካቆምን፣ ኩራት ሰጥተናቸው ዕውቀቱን ነስተናቸዋል። ኩራት ደግሞ እንደ ዓባስ ክንፍ ነው፤ ያነሳል እንጂ አያሳርፍም።

አላህ (ሱ.ወ) በሱረቱል ሙልክ 19ኛ አንቀጽ ላይ ከበላያችን ክንፋቸውን ዘርግተው፣ አጥፈውም የሚበሩትን ወፎች እንድናስተውል ይጋብዘናል። ማስተዋል በላባው ውበት ላይ ብቻ አያቆምም፤ ሲያርፉም ማየትን ይጨምራል። ዓባስ ሲነሱ አይቶ ነበር፤ ሲያርፉ ግን በቅጡ አላያቸውም።

ስለዚህ ወላጆችና የመድረሳ ኡስታዞች ሆይ፣ ይህን ታሪክ ስትነግሩ እስከ መጨረሻው ንገሩት። መውደቁን አትደብቁ፤ ለምን እንደወደቀ ልጁ ራሱ እንዲያሰላ ወረቀትና እርሳስ ስጡት። በድሬ ጠያራም ሆነ በሌላ ቦታ ያለ ልጅ ጭልፊት ሲያርፍ አይቶ ጅራቱ ምን እንደሚሠራ ከጠየቀ፣ የዓባስን ቅርስ ስሙን ብቻ ከሚያውቅ ሰው ይልቅ እርሱ ወርሶታል።

አላህ ለዓባስ ይዘንለት፤ እኛንም የሚጠቅም ዕውቀት ይወፍቀን። ወላሁ አዕለም።