ኢርቪንግ ላንግሚዩር

ኢርቪንግ ላንግሚዩር (እ.ኤ.አ. ጃንዩዌሪ 31 ቀን 1881 – ኦገስት 16 ቀን 1957) አሜሪካዊ ኬሚስትና የፊዚክስ ተመራማሪ ነበር። ጋዞች በጠጣር ነገሮች ገጽ ላይ እንዴት እንደሚጣበቁ በማጥናት ይታወቃል። በ1932 ለገጽ ኬሚስትሪ ሥራው የኖቤል ሽልማት ተቀበለ። በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።

ትምህርትና ሥራ

በኒው ዮርክ ብሩክሊን ተወለደ። በ1903 ከኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ በብረታ ብረት ምህንድስና ተመረቀ፤ በ1906 ደግሞ በጀርመን ጎቲንገን ዩኒቨርሲቲ በቫልተር ኔርንስት ሥር የዶክትሬት ዲግሪውን አገኘ። በኒው ጀርሲ ጥቂት ዓመታት ካስተማረ በኋላ በ1909 በስኬነክተዲ ወደሚገኘው የጄኔራል ኤሌክትሪክ ቤተ ሙከራ ገባ፤ እስከ 1950 ድረስም እዚያው ሠራ።

የአምፖል ጥናት

የዚያን ጊዜ የተንግስተን አምፖሎች አየራቸው ወጥቶ የታሸጉ ቢሆኑም ውስጣቸው ይጠቁር ነበር። ብዙዎች ጥፋቱን በአምፖሉ ውስጥ በቀረው ጥቂት አየር ላይ ጥለው አየሩን ይበልጥ ለማስወጣት ይጥሩ ነበር። ላንግሚዩር ግን የተለያዩ ጋዞችን ሆን ብሎ እያስገባ የሚሆነውን ተከታተለ። አየሩ በደንብ በወጣበት አምፖል እንኳ ከጋለው ክር የሚተን ተንግስተን መስታወቱን እንደሚያጠቁር ተረዳ። አምፖሉን በናይትሮጅን ወይም በአርጎን መሙላት ትነቱን ቀነሰ። ጋዙ ብዙ ሙቀት እንዳይወስድም ክሩን ጠምዝዞ ሠራው። ሃይድሮጅን ሲያስገባ ደግሞ ሞለኪውሎቹ በጋለው ክር ላይ ወደ አተሞች እንደሚከፈሉ አየ።

የገጽ ኬሚስትሪ

ከ1916 እስከ 1918 ባወጣቸው ጽሑፎች የጠጣር ገጽ የተወሰኑ ቦታዎች እንዳሉት፣ እያንዳንዱ ቦታም አንድ ሞለኪውል ብቻ እንደሚይዝ አስረዳ። ሁሉም መቀመጫ ከተያዘ ሌላ ተሳፋሪ እንደማይገባ ሁሉ፣ ገጹ በአንድ ንብር ከተሸፈነ በኋላ የጋዙን ግፊት መጨመር ብዙ ለውጥ አያመጣም። የሚያርፉትና የሚለቁት ሞለኪውሎች ቁጥር ሲተካከል የሽፋኑ መጠን ይረጋል። ይህ ሕግ የላንግሚዩር አይሶተርም ይባላል። ቦታዎቹ ሁሉ እኩል እንደሆኑና ጎረቤታሞች እንደማይነካኩ ስለሚገምት ለሁሉም ገጽ አይሠራም፤ በ1938 ብሩናወር፣ ኤሜትና ቴለር ብዙ ንብሮችን ወደሚያጠቃልል ስሌት አሰፉት።

በ1922 በፕላቲነም ላይ የካርቦን ሞኖክሳይድን ቃጠሎ አጠና። ካርቦን ሞኖክሳይዱ ገጹን ሲሸፍነው ኦክስጅን ማረፊያ ስለሚያጣ ቃጠሎው ይዘገያል።

የመጨረሻ ዓመታት

በ1946 ከባልደረቦቹ ጋር ደመናን በደረቅ በረዶ ወደ ማዝነብ ሙከራ ገባ፤ የሰፊ አካባቢን የአየር ጠባይ ለውጠናል የሚለው ክርክሩ ግን ብዙ ሳይንቲስቶችን አላሳመነም። በማሳቹሴትስ ዉድስ ሆል አረፈ። በስሙ የተሰየመው የገጽ ሳይንስ መጽሔት ከ1985 ጀምሮ ይታተማል።