ጂሚ ማክግሮሪ፦ ማሊያውን ያልሸጠው አጥቂ

በእረፍት ሰዓት በትምህርት ቤታችን ሜዳ ዳር ስቆም፣ ተማሪዎቻችን የእውቅ ተጫዋቾችን ስም ብቻ ሳይሆን ስንት እንደተሸጡም በቃላቸው ሲወጡት እሰማለሁ። ስለዚህ ዘንድሮ፣ ዋጋ ተቆርጦለት አልሄድም ስላለ አንድ ሰው ልንገራችሁ። ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጂሚ ማክግሮሪ በ1904 በስኮትላንድ፣ ግላስጎው ከተማ፣ ጋርንጋድ በሚባል የድሆች ሰፈር ተወለደ። ወላጆቹ ከአየርላንድ የመጡ ስደተኞች ነበሩ። በ1922 ሴልቲክ አስፈረመው፤ ቀጥሎ ግን ለአንድ ዓመት በውሰት ለክላይድባንክ ተሰጠ። ሲመለስ የሚያቆመው ተከላካይ ጠፋ። ቁመቱ 1 ሜትር ከ68 ያህል ቢሆንም በቴስታ የሚስተካከለው አልነበረም። በ1925 የስኮትላንድ ዋንጫ ፍጻሜ ዳንዲን ያሸነፈችው ጎል የእሱ የቴስታ ጎል ነበረች። በጥር 1928 ደግሞ በአንድ ጨዋታ ብቻ ዳንፈርምሊን ላይ 8 ጎል አስቆጠረ።

በዚያው ዓመት በጋ ከሴልቲክ አሰልጣኝ ከዊሊ ሜይሊ ጋር ወደ ፈረንሳይ፣ ወደ ሉርድ ለመሳለም ሲጓዝ፣ የአርሰናሉ ኸርበርት ቻፕማን ለንደን ላይ ጠበቀው። ክለቡ ሊሸጠው ፈልጎ ነበር፤ ገንዘቡም በዘመኑ የሚያስደንቅ ነበር። ማክግሮሪ እምቢ አለ። ሲመለስም ዳግመኛ ተጠይቆ መልሱን አልለወጠም። ውለታው ግን አልተከፈለውም፤ ክለቡ ከጓደኞቹ ያነሰ ደመወዝ ይከፍለው እንደነበር ያወቀው ከዓመታት በኋላ ነው።

ለብሔራዊ ቡድን የተሰለፈው 7 ጊዜ ብቻ ነው፤ በቦታው ኹይ ጋላከር የሚባል ሌላ ታላቅ አጥቂ ነበረና። ሆኖም በ1933 ከ130 ሺህ በሚበልጥ ተመልካች ፊት ሁለት ጎል አግብቶ እንግሊዝን 2 ለ 1 አሸነፉ። በ1937 ጫማውን ሲሰቅል በይፋዊ ግጥሚያዎች ያስቆጠራቸው ጎሎች 550 ደርሰው ነበር።

ከ1945 እስከ 1965 ሴልቲክን አሰለጠነ። በ1957 በሊግ ካፕ ፍጻሜ ሬንጀርስን 7 ለ 1 ቢረቱም፣ ዘመኑ በአብዛኛው ድል የራቀው ነበር። ቦታውን ለጆክ ስታይን ለቀቀ፤ በ1967 የአውሮፓን ዋንጫ ያነሱት ተጫዋቾች አብዛኞቹ ግን በእሱ ዘመን የመጡ ናቸው። በ1982 ዐረፈ።

ልጆቼ፣ እንጀራ ፍለጋ ከቦታ ቦታ መሄድ ነውር አይደለም፤ የማክግሮሪ ወላጆችም፣ የብዙዎቻችሁ ወላጆችም ያደረጉት ይህንኑ ነው። እኔ የምጠይቃችሁ ሌላ ነገር ነው፦ በምንም ዋጋ የማትሸጡት ምን አላችሁ? ይህን ሳታውቁ ከዚህ ትምህርት ቤት አትውጡ።