የናፍጣ ሞተር ፈልሳፊ ሩዶልፍ ዲዝል

በስሙ የሚጠራውን የናፍጣ ሞተር ለዓለም ያበረከተው ጀርመናዊው መሐንዲስ ሩዶልፍ ዲዝል እ.ኤ.አ. ማርች 18 ቀን 1858 በፓሪስ ከተማ ተወለደ። በ1870 የፈረንሳይና የፕሩሲያ ጦርነት ሲቀሰቀስ ቤተሰቡ ወደ ለንደን ተሰደደ፤ የ12 ዓመቱ ታዳጊ ግን ትምህርቱን እንዲከታተል ጀርመን ወደሚገኙት ዘመዶቹ ተላከ።

ዲዝል በሙኒክ ፖሊቴክኒክ ከተመረቀ በኋላ በማቀዝቀዣ መሣሪያዎች ሙያ ተሰማራ። የእንፋሎት ሞተር አብዛኛውን ሙቀት የሚያባክን መሆኑ ስላሳሰበው፣ አየር በኃይል ሲታመቅ በሚፈጠረው ሙቀት ነዳጁ ያለ ብልጭታ የሚቀጣጠልበትን ሞተር ነደፈ። በአውግስቡርግ ከተማ ለአራት ዓመታት ያህል ከተካሄደ ሙከራ በኋላ፣ በ1897 የተፈተነው ሞተር ከነዳጁ ሙቀት 26 በመቶ ያህሉን ወደ ሥራ መለወጥ ቻለ።

የፈጠራ መብቱ ሀብት ቢያስገኝለትም በኋላ ለከባድ ዕዳ ተዳረገ። ሴፕቴምበር 29 ቀን 1913 ምሽት ወደ እንግሊዝ ሲጓዝ ከመርከብ ላይ ተሰወረ፤ አስከሬኑ ከቀናት በኋላ በባሕር ላይ ቢገኝም የአሟሟቱ ምክንያት በእርግጠኝነት አልታወቀም።

በክብደቱ ምክንያት በሕይወት ዘመኑ ለቤት መኪና ያልበቃው ሞተር በ1936 በመርሴዲስ ቤንዝ 260 ዲ ተገጥሞ ለገበያ ቀረበ። በ1978 ደግሞ ኩባንያው በጭስ ጋዝ ኃይል ተጨማሪ አየር የሚያስገባውን ተርቦ ከናፍጣ ሞተር ጋር በማጣመር 300 ኤስዲ የተባለውን የቅንጦት መኪና ለአሜሪካ ገበያ አቀረበ። ነዳጅ ከብክነት እንዲድን የታለመው የዲዝል ሥራ በዚህ መልኩ ከፋብሪካ አልፎ ለባለጸጎች መኪና በቃ።