የሸክላና የድንጋይ ትዝታ፤ የፕሮፌሰር ሉዊ ኔል ሕይወት

ብረትን የሚስበውን ጥቁር ድንጋይ የሰው ልጅ ካወቀው ከ2000 ዓመት በላይ ሆኖታል። ማግኔታይት የሚባለው ይህ ድንጋይ፥ ብረት ከኦክሲጅን ጋር ተዋሕዶ የሚገኝበት ማዕድን ነው። ዳሩ ግን የመሳብ ኀይሉ ስለ ምን በዚያ መጠን እንደ ተወሰነ፥ ደግሞም እጅግ ሲደቅ ጠባዩ ለምን እንደሚለወጥ በሚገባ የተገለጠው በ20ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ነው። ይህን የገለጡት ፈረንሳዊው ሊቅ ሉዊ ኔል ናቸው፤ ታሪካቸውን ዛሬ ለአንባቢዎቻችን እናቀርባለን። ዘመኑን የምንጠቅሰው በአውሮፓ አቈጣጠር ነው።

ኔል በ1904 ዓ.ም. በሊዮን ከተማ ተወለዱ። በፓሪስ ከፍተኛ የመምህራን ትምህርት ቤት ተምረው፥ በ1928 ዓ.ም. ወደ ስትራስቡርግ ሄደው በማግኔት ዕውቀት ስማቸው ከተጠራው ከፕሮፌሰር ፒየር ቬይስ ዘንድ ገቡ። መምህሩ ያስተማሩት፥ በብረት ውስጥ ያሉት አቶሞች እንደ ትናንሽ ማግኔቶች ሆነው ፊታቸውን ወደ አንድ አቅጣጫ ያዞራሉ ብለው ነበር። ደቀ መዝሙሩ ግን ሌላ ነገር አሰቡ። ጎረቤታሞቹ አቶሞች ፊትና ኋላ ሆነው ቢሰለፉስ? ያን ጊዜ አንዱ የሌላውን ኀይል ስለሚያጠፋ፥ ነገሩ በውስጡ ሥርዓት ሞልቶ ሳለ በውጭ ሲታይ ማግኔት አይመስልም። ኔል ይህን በ1930ዎቹ ሲጽፉ በዓይን የሚያሳይ መሣሪያ አልነበረም። አሜሪካውያን ተመራማሪዎች በማንጋኒዝ ኦክሳይድ ላይ ኒውትሮን ሰድደው ሐሳቡን ያረጋገጡት በ1949 ዓ.ም. ነው።

በመካከሉ ጦርነት መጣ። ጀርመኖች በባሕር ውስጥ ያጠመዱት ፈንጂ፥ የብረት መርከብ በላዩ ሲያልፍ የመርከቡን ማግኔትነት ዐውቆ የሚፈነዳ ነበር። ኔልም ለፈረንሳይ ባሕር ኀይል ዘዴ ፈለሰፉ፤ ይኸውም ለመርከቡ አካል ከምድር ማግኔት ጋር ተቃራኒ የሆነ ማግኔትነት ሰጥቶ ፈንጂው እንዳያውቀው ማድረግ ነው። ፈረንሳይ በ1940 ዓ.ም. ስትሸነፍ ስትራስቡርግ በጠላት እጅ ወደቀች፤ ኔልም በአልፕስ ተራሮች ሥር ባለችው በግረኖብል ተቀመጡ። ስደት ያመጣቸው አገር የሥራቸው ቤት ሆነ።

በ1948 ዓ.ም. የማግኔታይትን እንቈቅልሽ ፈቱ። የድንጋዩ አቶሞች ሁሉ ወደ አንድ ወገን ቢዞሩ ኖሮ ኀይሉ ከሚታየው ከሦስት እጥፍ በላይ በሆነ ነበር። ነገሩ ግን ሁለት ቍጥራቸው ያልተካከለ ጭፍሮች ፊት ለፊት እንደ ቆሙ ነው፤ ለእኛ የሚደርሰን ልዩነታቸው ብቻ ነው።

እኛ ግን ከሁሉ የምናደንቀው የ1949ን ሥራቸውን ነው። ሸክላ ሲተኰስ በጭቃው ውስጥ ያሉት የብረት ኦክሳይድ ቅንጣቶች በሙቀት ይናወጣሉ፤ የማግኔታቸውም አቅጣጫ ወዲያና ወዲህ ይገለባበጣል። ሲበርድ ግን አቅጣጫው በዚያን ቀን የምድር ማግኔት ወደሚያመለክተው ወገን አድልቶ ይረጋል። ቅንጣቱ በጣም ካነሰ፥ ማለት የሚሊሜትር ሚሊዮንኛ ክፍል በሆነው በናኖሜትር ሲለካ ዐሥር ያህል ብቻ ከሆነ፥ ከቀዘቀዘም በኋላ አይረጋም። ልዩነቱ እጅግ የሚያስገርም ነው፤ አንዱ ቅንጣት በአንድ ደቂቃ ያህል የሚገለበጥ ቢሆን፥ በይዘቱ እጥፍ የሆነው ከ100,000 ዓመት በላይ ጸንቶ ይቈያል።

የጥንት ሸክላና የእሳተ ገሞራ ድንጋይ የምድርን ታሪክ የሚመሰክሩት በዚህ ምክንያት ነው። በ1974 ዓ.ም. ድንቅነሽ የተገኘችበት የአፋሩ የሐዳር ምድር ንብብርም ዕድሜ ሲመረመር፥ ከሌላው ዘዴ ጋር በአለቱ ውስጥ የቀረው የማግኔት አቅጣጫ ረድቷል።

ኔል በ1961 ዓ.ም. ደግሞ ወደ ወጣትነት ሐሳባቸው ተመለሱ። ተቃራኒዎቹ ጭፍሮች እኩል የሆኑበት ኦክሳይድ እጅግ ሲደቅ፥ እኩልነቱ ስለሚጓደል ጥቂት ማግኔትነት እንደሚያሳይ ገለጡ።

በ1970 ዓ.ም. የኖቤልን ሽልማት ከስዊድናዊው ሐነስ አልፍቬን ጋር ተካፈሉ። በስቶክሆልም ባሰሙት ንግግር፥ ጭፍሮቹ እኩል የሆኑባቸው ነገሮች ለመርማሪ እጅግ ደስ ቢያሰኙም በሥራ ላይ የሚውሉ እንደማይመስሉ ተናግረው ነበር። በ1990ዎቹ ግን የኮምፒዩተር መዝገብ በሚያነበው ብልሃት ውስጥ ከእነዚሁ ነገሮች የተሠራ ስስ ሽፋን ገባ። ኔል ያን ጊዜ በሕይወት ነበሩ፤ ያረፉት በኖቬምበር 17 ቀን 2000 ዓ.ም. በ95 ዓመታቸው ነው።