አልቤርቶ ሳንቶስ ዱሞን

አልቤርቶ ሳንቶስ ዱሞን እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1873 ዓ.ም. በብራዚል አገር በሚናስ ጄራይስ አውራጃ ተወለደ። አባቱ ሰፊ የቡና እርሻ የነበረው ባለጸጋ ነበረ። በእርሻውም ቡና የሚፈለፍሉና የሚያደርቁ ብዙ መኪናዎች ነበሩ፤ ቡናውን የሚያመላልስ ባቡርም ነበረ። አልቤርቶ ገና 12 ዓመት ሲሆነው ባቡሩን ይነዳ ነበር። ብዙ የባለጸጋ ልጆች ሥራን ይንቃሉ፤ እርሱ ግን እጁ በዘይት ቢቈሽሽ አያፍርም ነበር።

የአገሩ ልጆች አንድ ጨዋታ ነበራቸው። በገበታ ዙሪያ ተቀምጠው አንዱ መሪ ሆኖ የእንስሳትን ስም ይጠራል። የሚበር እንስሳ ሲጠራ ሁሉም ጣታቸውን ያነሣሉ፤ የማይበር ሲጠራ ጣቱን ያነሣ ይቀጣል። መሪው ርግብንና ንብን ከጠራ በኋላ ሊያታልላቸው ሰውን በጠራ ጊዜ፥ አልቤርቶ ሁልጊዜ ጣቱን ያነሣ ነበር። ባልንጀሮቹም ሳቁበት፤ እርሱ ግን ቅጣቱን ለመክፈል እምቢ አለ።

በ1892 ወደ ፓሪስ ሄዶ የሞተርን ነገር ተማረ። ከዚያም በጋዝ የተሞላ ረጅም ፊኛ ከሞተር ጋር እያያያዘ ይበር ጀመር። በነሐሴ 1901 ፊኛው ከአንድ ትልቅ ቤት ጣራ ጋር ተጋጭቶ ተቀደደ፤ እርሱም በአየር ላይ ተንጠልጥሎ ሳለ እሳት አጥፊዎች በገመድ ስበው አወጡት። ወዲያውም ሌላ ሠራ። በጥቅምት ወር የኤፍልን ግንብ ዞሮ ተመለሰና 100,000 ፍራንክ ተሸለመ። ገንዘቡን ለረዳቶቹና ለፓሪስ ድኾች አካፈለ፤ መሣሪያቸውን በመያዣ አስይዘው የነበሩ ሠራተኞችም በዚህ ገንዘብ መሣሪያቸውን አስለቀቁ። በ1906 ደግሞ ያለ ፊኛ በሚበር አይሮፕላን መጀመሪያ 60 ሜትር፥ ቀጥሎም 220 ሜትር በረረ።

ከሥራው ሁሉ ይልቅ የምታስደንቀው ግን በ1907 የጀመራትና በ1909 ያሻሻላት ትንሿ አይሮፕላን ናት። ፈረንሳዮች ዴሞዋዜል አሏት፤ ይኸውም ወይዘሪት ማለት ነው። ግንዷ ቀርከሃ፥ ክንፏ የሐር ጨርቅ ነበረ፤ የክንፏም ስፋት ከጫፍ እስከ ጫፍ 5 ሜትር ያህል ነበረ። ሞተሯ ከክንፉ በላይ ነበረ፤ ነጂው ግን ከክንፉ በታች፥ በመንኰራኵሮቹ መካከል በተወጠረ ጨርቅ ላይ ይቀመጥ ነበር። ሳንቶስ ዱሞን ራሱ አጭርና ቀጭን ሰው ነበረ፤ አይሮፕላኒቱም እንደ ልብስ በእርሱ ልክ የተሠራች ትመስል ነበር። ወፍራም ሰው ቢገዛት ሳያዝን አይቀርም።

በዚያን ዘመን ሌሎች ሠሪዎች ሥራቸውን በሕግ አስጠብቀው ያለ ክፍያ እንዳይሠራ ይከለክሉ ነበር። እርሱ ግን የዴሞዋዜልን ንድፍ ለሚፈልጋት ሁሉ በነጻ ሰጠ። በ1910 ፖፑላር ሜካኒክስ የተባለው የአሜሪካ መጽሔት ሥዕሏንና ልኳን አተመ። ስለዚህ አናጢነት የሚችል ሰው ቀርከሃውን ቈርጦ፥ ጨርቁን ሰፍቶ፥ ሞተር ገዝቶ፥ በገዛ ግቢው አይሮፕላን ሊሠራ ቻለ። በኋላ ስመ ጥር የሆነው ሮላን ጋሮስም መብረርን የተማረው በዚህች አይሮፕላን ነው።

በዚያው ዓመት ሳንቶስ ዱሞን ታመመና መብረርን ተወ። በ1914 ጦርነት በተነሣ ጊዜ አይሮፕላኖች ሰው መግደያ ሆኑ፤ እርሱም እጅግ አዘነ። በ1926 በአየር መዋጋት እንዲከለከል ለመንግሥታት ማኅበር አመለከተ፤ ነገር ግን አልተፈጸመለትም። በ1932 በአገሩ በጓሩዣ ሞተ። በዚያው ዓመት ፓልሚራ ትባል የነበረችው የትውልድ ከተማው በስሙ ሳንቶስ ዱሞን ተባለች።