ዐፄ ምኒልክና የኤሌክትሪኩ ወንበር

ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ በ1836 ዓ.ም. በአንጎለላ ተወለዱ። በመቅደላ 10 ዓመት ያህል በግዞት ቆይተው በ1857 ዓ.ም. አመለጡ፤ በ1882 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥት ሆኑ። ስልክና ባንክ አስገቡ፤ በ1900 ዓ.ም. የመጣችውንም አውቶሞቢል ተሳፈሩባት።

ውድ አንባቢ፥ በባሕር ማዶ ግን ስማቸው የሚነሣው በሌላ ወሬ ነው። ኒውዮርክ በ1882 ዓ.ም. በኤሌክትሪክ ወንበር ሰው መግደል ስትጀምር፥ እሳቸውም አስመጥተው፥ በአገሩ ኤሌክትሪክ ስለሌለ ዙፋን አደረጉት ይባላል። ማስረጃ አልተገኘለትም። ወሬ እንደ ዘንገና ሐይቅ ነውና ከዳር ሆኖ ወለሉ አይታይም፤ ዛሬም በኢንተርኔት ይዞራል። መሣሪያን መርምሮ የሚያስገባን ንጉሥ ሳያስቡ ገዢ ማድረግ ግፍ ነው። በታኅሣሥ 1906 ዓ.ም. ሲያርፉ ሞታቸው ለሕዝብ ሳይነገር ቆየ።